በአስፋልቱ በኩል

ለውድ እህቴ ለዴሳ፦

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ፣ ያ ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እየዋልሽ የሚያብጠው? ክላይድ ወገቡን ተሻለው? ትንሿ ማያስ እንዴት ናት፣ ትምህርቷን ወደደችው? በረዶው ገባ ወይስ ገና ነው? እናንተ ዘንድ በኦክቶበር ይጀምራል ብለሽኝ ነበር። እኛ እዚህ ሜምፊስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ብዬ ጽፌ መልሼ ሰረዝኩት። ስርዙ ስለሚታይሽ ነው የምነግርሽ። እማ ደህና ናት። ሳሉ ለቋታል፣ እግሯ ግን ደረጃ አያስወጣትም። እኔም አለሁ፣ አውቶቡሴን እነዳለሁ። ስለ ደህንነት ከዚህ የበለጠ የምጽፈው የለኝም።

አራት ጊዜ ደውለሽ ጆኔል የት ናት ብለሽኛል። አንዴ ሥራ ላይ ናት አልኩሽ፣ አንዴ ስልኳ ተበላሽቷል አልኩሽ፣ የቀሩትን ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ። ዋሽቼሻለሁ እህት ዓለም። ልጅሽ ከሄደች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። አልሞተችም፤ ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልሽ ወረቀቱን እያገላበጥሽ መጨረሻውን እንዳትፈልጊ ነው። ከሄደች ወዲህ ለአያቷ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ድምጿ ደህና ነው፣ የት እንዳለች ግን አልተናገረችም። እኔ ወደ አንቺ እየመጣች ይመስለኛል። እስክትደርስ፣ ወይም ደርሳ ዝም ብላሽ እንደሆነ፣ ነገሩን ከእኔ እጅ እንድታውቂው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ አልሆነልኝም። ድምፄን አላምነውም፤ ሁልጊዜ ለባለቤቱ ያደላል።

የምጽፈው በዴፖው የምሳ ክፍል ነው። በየዙሩ መካከል ሃያ ሃያ ደቂቃ አለችኝ። ቢቆራረጥ አትታዘቢኝ።

አባባ እማን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሁልጊዜ እርሱ በአስፋልቱ በኩል፣ እርሷ በአጥሩ በኩል። መንገድ ተሻግረው አስፋልቱ በሌላው ጎን ሲሆን፣ አባባ እንደ ጭፈራ በጀርባዋ ዞሮ ቦታውን ይቀይራል። ወሬውን እንኳ አያቋርጥም። ‹‹ወንድ በአስፋልቱ በኩል ነው የሚሄደው። መኪናም ቢመጣ፣ ጭቃም ቢረጭ፣ ሰካራምም ቢመጣ መጀመሪያ አንተን ያግኝ›› ይለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንቺን በአጥሩ በኩል አድርጌ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ቁመቴ ከትከሻሽ አይደርስም ነበር። አንቺ ትስቂ ነበር። ግን ቦታሽን ትለቂልኝ ነበር።

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ። በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን እኔና አንቺ ተጻጽፈንበት አናውቅም። ዛሬ ልጻፈው። አንቺ የወጥ ቤቱ በር ላይ ትቆሚ ነበር፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሁለት ክንድሽን ዘርግተሽ፣ እማን ከኋላሽ አድርገሽ። እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደርግ ነበር። አንድ ቀን በጣም ከፍ አድርጌው ጎረቤት መጥቶ ቀንሱ አለን። ቀንሱ ያለን ቴሌቪዥኑን ነው።

ሰው ዕድሜውን ሙሉ በዘጠኝ ዓመቱ የሠራውን ነው የሚሠራው መሰለኝ።

የዛሬ ሰባት ዓመት አላስካ ስትሄጂ፣ ጆኔል ትምህርቷን እስክትጨርስ እማ ጋ ትቅር ተባብለን፣ አየር ማረፊያው በር ላይ አንገቴን ይዘሽ ‹‹ጠብቅልኝ›› አልሽኝ። ሌላ ምንም አላልሽም። እኔም የምጠብቅበት መንገድ የማውቀው አንድ ብቻ ስለነበረ እርሱን አስተማርኳት። ‹‹ከወንድ ጋር ስትሄጂ ልብ በይ። አንቺን በአስፋልቱ በኩል ካስኬደሽ፣ እዚያው ትተሽው ነይ›› እላት ነበር። ትስቅብኛለች። ‹‹አጎቴ፣ የዚህ ከተማ መኪና እኮ እግረኛ መንገድ ላይ አይወጣም›› ትለኛለች። ሳቋ የአንቺው ነው።

ማርሎንን ታስታውሺዋለሽ፣ የዲያቆን ፕሬንቲስን ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመታው። አንቺ ስትሄጂ ገና ጎረምሳ ነበር። ከጆኔል ጋር መጀመሪያ አብረው የመጡ ጊዜ ከእማ በረንዳ ላይ ሆኜ ከሩቅ አየኋቸው። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ክርኗን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ፣ በጀርባዋ ዞሮ፣ ወደ አጥሩ በኩል አስገባት። እርሱ በአስፋልቱ በኩል ሆነ። ‹‹አየሽው እማ? ያሳደጉት ልጅ ነው›› አልኩ። እማም ‹‹ልክ እንደ አባትህ›› አለች። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተቀበልነው። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ፣ ያረምኩትም እኔ፣ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። ‹‹ልክ እንደ አባትህ›› ስባል ምን እንደተባልኩ አልሰማሁም።

ዙሬ ደርሷል።

ተመለስኩ። በጁላይ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጆኔል በረንዳዬ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ፀሐይ ነበር፤ መነጽሩን ለፀሐይ ሰጠሁት። ሎሚ ውሃ ቀዳሁላት። ግማሹን ጠጣችና ‹‹አጎቴ፣ ማርሎን ይመታኛል›› አለችኝ። እንዲሁ፣ ዝናብ ይመጣል እንደሚባለው። ‹‹ፖሊስ ልጥራ?›› አለችኝ።

የሚስስ ፖተር ልጅ የሆነውን በስልክ ነግሬሽ ነበር። አእምሮው ሲታወክበት እናቱ አረጋጉልኝ ብላ ፖሊስ ጠራች፤ በገዛ በሯ ላይ ተኩሰው ጣሉት። በሩን እስካሁን አላስጠገነችውም። እያንዳንዷ ቀዳዳ ያው አለች። በየቀኑ በዚያ በር ፊት ነው አውቶቡሴ የሚያልፈው። ስለዚህ ጆኔልን ‹‹ቆዪ›› አልኳት። ‹‹እኔ ላናግረው። ፖሊስ ከመጣ ነገሩ በእስር አያልቅም፤ የእናቱን ልቅሶ ትችይዋለሽ?›› አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ‹‹የእኔንስ ልቅሶ?›› አላለችኝም። ‹‹እሺ፣ እቆያለሁ›› ነው ያለችኝ። ስትሄድ እስከ ማዕዘኑ ሸኘኋት። በአስፋልቱ በኩል ሆኜ።

ማርሎንን ቅዳሜ ከልሙኤል ፀጉር ቤት አገኘሁት። ወንበሩ ላይ ነበር፣ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ። ከልሙኤልና ከማርሎን ሌላ አሮጌው ፖስተኛ ቡከር፣ አንድ የማላውቀው ሰው፣ እኔ። ብቻውን ላናግረው አስቤ ነበር፤ ብቻውን ባናግረው ግን እንደምፈራ ስለማውቅ እዚያው፣ ሰው ፊት ጀመርኩት። ‹‹ማርሎን፣ ልጄ ላይ እጅህን አንስተሃል አሉ›› አልኩት። ልሙኤል ቶንዶሱን አጠፋ። ማርሎን በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ሳቀ። ‹‹አጎቴ ደግሞ! ነካ ነው ያደረግኳት። አፏን መቼም ታውቀዋለህ›› አለኝ። ቡከር ጋዜጣውን ሳያወርድ ‹‹የዴሳ ልጅ አይደለችም እንዴ! አፉን ከእናቷ ነው የወረሰችው›› አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ ዴሳ። ትንሽ፣ በአፍንጫዬ። ግን ሳቅ ነበር።

ከዚያ ልሙኤል መልካም ሰው ነውና ‹‹ኧረ ተዉ፣ ሴቶቻችንን እኛ ካልጠበቅን ማን ሊጠብቃቸው ነው?›› አለ። ቡከር ጋዜጣውን አወረደ። ‹‹እኛንስ ማን ጠበቀን? ጠዋት ፖሊስ፣ ቀን አለቃ፣ ቤት ስትገባ ደግሞ ሚስት!›› አለ። የማላውቀው ሰው ‹‹እነርሱም እኮ አይፈልጉንም፤ ‘ራሴን እችላለሁ’ ነው የሚሉት›› አለ። ልሙኤልም ‹‹ራሷን የቻለችው አንተ ከሶፋው አልነሣ ብለህ ነዋ! ሚስትህ ሣር ስታጭድ አይደል እንዴ ባለፈው ሳልፍ ያየኋት?›› አለው፤ ሰውየውም ‹‹ማጨጃው እኮ የእርሷ ነው›› ብሎ አሳቀን። ጥሩ ክርክር ነበር። ባርነት ገባበት፣ ሥራ ማጣት ገባበት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ገባበት። ጆኔል ብቻ አልገባችበትም። ስወጣ ማርሎን ትከሻዬን መታ አድርጎ ‹‹ገብቶኛል አጎቴ›› አለኝ። እኔም ለጆኔል ‹‹አናግሬዋለሁ፣ አልቋል›› ብዬ መልእክት ላክሁላት። ያን ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ከሁሉም ይህ ያሳፍረኛል።

በኦገስት ግራ ጆሮዋን መታት። በመዳፉ ነው፣ በቡጢ እንኳ አይደለም። ታምቡሩ ተቀደደ፣ ከውስጥም የሆነ ነገር ተበላሸ፤ አንቺ ነርስ ነሽ፣ ስሙን ታውቂዋለሽ። በዚያ ጆሮዋ አትሰማም። ይመለስ አይመለስ እንደሆነ አናውቅም አሏት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ለእማ ‹‹ዋና ሄጄ ውሃ ገባብኝ›› ነው ያለቻት። ጆኔል ዋና አትችልም። እማም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ሁለታችንም ‹‹ምን ዓይነት ክፉ ውሃ ነው!›› አልን።

ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ጠይቃ፣ አግባብታ፣ ክስ አስመሠረተች። ጆኔል ፈረመች። ከእኛ ለማንም አልነገረችም። እኔማ ተነግሮኝ ነበር እኮ፣ በጁላይ።

ሴፕቴምበር ውስጥ ዲያቆን ፕሬንቲስ ደወለልኝ። ‹‹ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ›› አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አጎታችን ሊዮን በ1974 ዳኛ ፊት ብቻውን ቆሞ፣ ከኋላው ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ ለማይረባ ነገር ዘጠኝ ዓመት ከተፈረደበት ወዲህ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች ልጃችን ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከኋላው ወንበሩን እንሞላለን። አንናገርም። እንቀመጣለን። ዳኛው ‘ይህ ሰው ሰው አለው’ እንዲል ነው። በዕድሜዬ ስንቴ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ኮርቼ ነው የተቀመጥኩት። በዚህች ከተማ ወንዶች ሆነን የሠራነው ጥሩ ነገር ምንድን ነው ብትዪኝ እርሱን ነበር የምጠራልሽ። ዛሬም እጠራው ይሆናል። ክፋቱ እርሱ ነው።

የማን ጉዳይ እንደሆነ አይጠየቅም፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ‹‹የኛ ልጅ ነው›› አለኝ ፕሬንቲስ። አላወቅሁም ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ከዚህ በፊት ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው። በእርግጥ አላወቅሁም። ግን ፕሬንቲስ ‹‹የኛ›› ሲል ድምፁ ሳሳ፤ እኔም ሌላ ቃል ሳይጨምር ቶሎ ስልኩን ዘጋሁት። ስልኩን የዘጋችው እጅ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደረገችው እጅ ናት።

አሥራ ሁለት ነበርን። ከማርሎን ጀርባ፣ በስተቀኝ ባለው ወንበር፣ በሁለት ረድፍ። ማርሎንን ሳየው ልነሣ ይገባኝ ነበር። ሌላ ጉዳይ ይሆናል አልኩ፤ የትራፊክ፣ የሆነ ነገር። ከዚያ በሩ ተከፈተና ጆኔል ገባች። እናት ቬልማ ክንዷን ይዘዋታል። ታውቂያቸዋለሽ፣ የቤተ ክርስቲያናችን እናት፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የምትሠራው የልጅ ልጃቸው ነግራቸው ኖሯል። ነጭ ቀሚሳቸውንና ነጭ ጓንታቸውን አድርገው ነበር፣ ለቁርባን እሑድ የሚለብሱትን። በማክሰኞ። ሁለቱ በግራ በኩል ከፊት ተቀመጡ። ከኋላቸው ስድስት ረድፍ ባዶ ወንበር ነበር።

ጆኔል ዞር አለች። እንደሚመስለኝ ሰዎቹን በአንድ ጊዜ አይታ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሄደችባቸው። እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም። ሰው ቀጠሮው ቦታ ደርሶ ሌላ ሰው ቆሞ ሲያገኝ የሚሆነውን ነው የሆነችው። ቦታውን የተሳሳተች መስሏት አይኗን አንዴ ጨፈን አደረገች።

መተላለፊያው አራት እርምጃ ነው። በኋላ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ተነሥ አልኩ ራሴን። በግራዬ ፕሬንቲስ፣ በቀኜ ቡከር። ከአሥራ ሁለት ሰው አንዱ ተነሥቶ ማዶ ቢሻገር ዳኛው ምን ይላል? ልጁ አለቀለት፤ አንድ ተጨማሪ ሊዮን። ነጭ ዳኛ ፊት ገበናችንን ላወጣ ነው? ብሻገርስ እነዚህን ሰዎች እንደገና የት አገኛቸዋለሁ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሳስብ ተቀምጬ ነበር። ጠበቃው ቀጠሮ ይለወጥልኝ አለ፣ ዳኛው ለወጠለት። ሁሉም ነገር ስድስት ደቂቃ አልፈጀም። ስድስቱንም ደቂቃ፣ ጠብቅልኝ ያልሽኝን ልጅ ከመታት ሰው ጀርባ፣ ክራባት አስሬ ተቀምጬ ነበር።

ደረጃው ላይ እናት ቬልማ ጠብቀውን ነበር። ጓንታቸውን በጣት በጣት እያወለቁ ‹‹አሥራ ሁለት ክራባት ቆጠርኩ፤ ወንድ ግን ቢፈለግ አጣሁ›› አሉ። ቡከር ‹‹እናቴ፣ ልጁ እኮ የኛ ነው›› ቢላቸው ‹‹እርሷስ የማን ናት? ወንዝ አምጥቶ የጣላት ናት?›› አሉት። ፕሬንቲስ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

ሁለቱ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ተከተልኳቸውና ጆኔል አጠገብ ደረስኩ። በልማድ፣ እግዜር ያውቃል በልማድ ብቻ፣ በአስፋልቱ በኩል ዞሬ ገባሁ። ቆመች። ‹‹አጎቴ፣ እኔን መኪና መትቶኝ ያውቃል?›› አለችኝ። ‹‹አንድም ቀን መኪና መትቶኝ አያውቅም›› አለች፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ እንደምታስረዳኝ ያህል። ከዚያ መራመድ ጀመረች። ‹‹ይቅር በይኝ›› አልኳት። ዝም ብላ ሄደች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር። እናት ቬልማ ናቸው ዞር ብለው ‹‹በዚያኛው ጆሮዋ እኮ አትሰማም፣ አልነገሩህም?›› ያሉኝ። አስፋልቱ በግራዋ ነበር። ዞሬ በቀኟ መጥቼ ደግሜ ልላት እችል ነበር። ቆምኩ። ያን ቃል ሁለት ጊዜ ለማውጣት የሚበቃ ነገር ውስጤ አልነበረም።

የሚቀጥለው ዙር ሊደርስ ነው፤ ግን ልጨርሰው።

እማ ቤት ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። ስኳር ድንች ትልጥ ነበር። ‹‹ወንዶቻችን ውጭ ሲረገጡ ውለው ነው የሚገቡት። እኔ አባትህን ችዬ ኖሬያለሁ›› አለችኝ። እሺ አልኳት። አንድ ድንች ልጣ ጨረሰች፣ ሌላ አነሣች፣ ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች። ‹‹ቻዪው ያልኳት እኔ ነኝ ቨርደል። በሜይ። ከአንተ በፊት ለእኔ ነግራኝ ነበር›› አለችኝ። አንቺን ያኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስትቆሚ ማን ጠበቀሽ? ይህን እማን ጠየቅኋት። ‹‹ዴሳን? ዴሳ ጠንካራ ነበረች›› አለች። ይኸው ነው መልሱ። ጠንካራ ናት ካልን በኋላ ቴሌቪዥናችንን እናያለን።

በሳምንቱ ዐቃቤ ሕጓ ደወለችልኝ። ወሬው ከዚያ ወጥቶ ደርሷት ኖሮ፣ ማርሎን ፀጉር ቤት ‹‹ነካ ነው ያደረግኳት›› ያለውን ሰምተሃል ወይ፣ ትመሰክራለህ ወይ አለችኝ። ላስብበት አልኳት። ልሙኤልን ጠየቅሁት፤ ‹‹ቶንዶሱ እየጮኸ ነበር ወንድሜ፣ ምንም አልሰማሁም›› አለኝ። ቶንዶሱን ሲያጠፋው አይቻለሁ። እርሱም እንዳየሁት ያውቃል። ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። አርባ ሰው ጭኜ በስፖኪዮ ግራ ቀኙን እያየሁ ማንንም ሳልነካ እነዳለሁ፤ ይህን አንዱን ነገር ግን ሦስት ሳምንት። ከቀጠሮው በፊት ያለው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደውዬ እመሰክራለሁ አልኳት። ለጆኔል አልነገርኳትም። እንደገና ቃል ሰጥቻት እንደገና ባልነሣስ ብዬ ፈራሁ። ስታየኝ ታየኛለች አልኩ።

ማክሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። አራቱን እርምጃ ሄጄ በግራ በኩል፣ ጆኔል ከምትቀመጥበት ጀርባ ተቀመጥኩ። አሥራ አንዱ መጡ፣ በቀኝ በኩል ሞሉ። ማንም አላየኝም፤ አለማየትን አብረን ነው የተማርነው። ከዚያ እናት ቬልማ ብቻቸውን ገቡ። አጠገቤ ተቀመጡና ፊት ለፊት እያዩ ‹‹ትናንት በጠዋት ሄደች። ትመጣለህ ብላት አታምነኝም ነበር፤ እኔም አላወቅሁ›› አሉኝ። ለዐቃቤ ሕጓ ‹‹እኔ ሰምቻለሁ፣ ልናገር›› አልኳት። ያለ እርሷ አይበቃም አለችኝ። ዳኛው ስሟን ሦስት ጊዜ አስጠራ። ባዶው ወንበር ፊቴ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። መዝገቡ ተዘጋ።

ሲወጡ ማርሎን አጠገቤ ቆም አለ። ‹‹አጎቴ፣ ወንበር ተሳስተሃል›› አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ከኋላው አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ድሮ የማውቀው ሳቅ ነው፣ በአፍንጫ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከጆኔል መልእክት ደረሰኝ። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ ‹‹ቆዪ ብለኸኝ ነበር። ቆየሁ።›› ሌላ የለውም። መልሼ ብጽፍላት አይደርሳትም።

ዴሳ፣ መፍትሔ የለኝም። ከውጭ የሚመጣውን ስንጠብቅ ኖረን፣ ጀርባችንን ለማን እንደሰጠነው አላየንም ብዬ ባሳምረው ደስ ባለኝ፤ ግን አይተናል። እኔ አይቻለሁ። ማርሎን እሑድ ከበሮ ይመታል፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ሰዉ ያጨበጭባል። እኔ አሁን ወንበሬ ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ጆኔል ከጀርባዋ ሰው ሳይኖር የተቀመጠችበትን ስድስት ደቂቃ ለማወቅ ስሞክር ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልተሳካልኝም፣ እኔን ማንም አልመታኝማ። ይቅር በይኝ ብዬ ልዘጋው ነበር። አልልሽም። ያን ቃል አንዴ በማይሰማ ጆሮ አባክኜዋለሁ።

ክላይድን ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን ይጠንቀቅ፣ ከባድ አያንሣ። ማያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ፎቶሽን የአውቶቡሱ መሪ አጠገብ ለጥፎታል በያት። እማ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ለአንቺ ለብቻ ደግሞ ‹‹በሩ ላይ ስትቆሚ አይቼሽ ነበር በላት›› ብላኛለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ታውቂያለሽ ብላለች። እናት ቬልማ ይመርቁሻል።

ጆኔል ከደረሰች ይህን ደብዳቤ ማንበብም አለማንበብም የእርሷ ፈንታ ነው፤ ቆዪ ብቻ አትበያት፣ ለምንም ነገር። ስታናግሪያት በቀኟ ሁኚ። አብራችሁ ስትወጡ ግን በግራዋ ሂጂ። አስፋልቱ በየትም በኩል ይሁን፣ በግራዋ ሂጂ። ከዚያ በኩል የሚመጣውን አትሰማውም።

ወንድምሽ ቨርደል
ሜምፊስ፣ ቴነሲ
ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 2019